የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ምስክርነትና የልባቸው ሽቦ

ሳልጠየቅ የምመክር ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት ማቋረጤን የሚያስታውሱኝ አሉ፤ ማንበብ ግን አላቋረጥሁም።

በመስከረም አንድ ጠዋት ባሕር ዳር ጀልባ ወደቡ ላይ መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን አገኘኋቸው። ባለፈው የካቲት እሳቸውና አባቴ አቶ አካሉ ሆስፒታል አንድ ክፍል ተኝተው ልባቸው ላይ ሽቦ ገብቶላቸው ነበር፤ የጠበበ የደም ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ፣ መድኃኒት የተቀባ ትንሽ የሽቦ ቱቦ። አባቴ በነሐሴ ሞተ። መሪጌታ ክረምቱን ፀበል ቦታ ስለ ከረሙ አልሰሙም። አሁን ለሱባኤ፣ ሐኪም ወደሌለበት የደሴት ገዳም ሊሻገሩ ነው።

«ሥርጉት፣ አካሉ ደህና ነው?»

«ኪኒንዎን ይዘዋል?» አልኋቸው በመልስ ፈንታ።

ሳቁ። «እኔ እኮ ድኛለሁ። ፀበሉ ቦታ በሕዝብ ፊት መስክሬያለሁ፤ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ሽቦው ወጣ?»

«የለም፣ እሱማ አለ።»

«እንግዲያው ኪኒኑም ይኑር።»

«ምላስሽ ዛሬም አልቀነሰም። ድኛለሁ ብዬ እልል ካስባልሁ በኋላ ተደብቄ ኪኒን ብውጥ ሐሰተኛ ምስክር አልሆንም?»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እኒህ ግን ላለመዋሸት ብለው ሊሞቱ ነው።

«የኔታ፣ ሽቦው መድኃኒት የተቀባው ሥጋ በቅሎ መልሶ እንዳይደፍነው ነው። ያው ቅብ ግን የቧንቧው ገላ ሽቦውን ቶሎ እንዳያለብሰው ያዘገየዋል። እስኪለብስ ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል። ኪኒኑ እንዳይረጋ ነው። ሐኪሙ ‹አቁሙ› እስኪል የማይቆመው ለዚህ ነው።»

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ሐኪሙ ሲያስረዳ እርስዎ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ እኔ እሰማ ነበር። የቀረውን አነበብሁ።»

«ምንም አይሰማኝም እኮ። ዳገት እወጣለሁ።»

«አባቴም ይወጣ ነበር።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ነበር?»

«ምስክርነትዎን ሰው በስልክ ቀርጾ አሳየው። ‹መሪጌታ ካቆሙ እኔ የምውጠው እምነት ጎድሎኝ ነው?› አለኝ። ለመንሁት፤ ተቆጣሁት፤ አልሰማኝም፤ ኪኒኑን ተወ። ሽቦው ውስጥ ደም ረግቶ፣ ሆስፒታል ልንወስደው ስንል ዓባይ ማዶ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ሳንወጣ አረፈ።»

መሪጌታ የወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጀልባ ነጂው «አባ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቅ» ቢላቸው ዞረው አላዩትም።

«እኔ ገደልሁት በይኛ» አሉ።

«የገደለው የረጋ ደም ነው። ምስክርነትዎ ግን እስከ ዛሬ ከስልክ ስልክ ይዞራል። እንደ አባቴ ማን እንደሚያምነው አላውቅም።»

«ምን ላድርግ?»

«ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ካቋረጡ ቆይተዋልና በራስዎ አይጀምሩ። ፀበሉን ተዉ ያለዎት የለም። ለጾሙም፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚውጡበትን ሰዓት ሐኪሙን ይጠይቁት። ሸጊቱን ያውቋቸዋል፤ ከእናንተ ጋር ነው ሽቦ የገባላቸው። አንድ ቀን ኪኒን ሳያሳልፉ ይጾማሉ፣ ይሳለማሉ፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ሱቃቸው ውስጥ ቆመው ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ማን እምነት ጎደላቸው አለ?»

«ስለ ምስክርነቱስ?»

«እዚያው ቦታ ይቁሙና ‹እግዚአብሔር ማረኝ፤ ኪኒኔንም እውጣለሁ፤ እናንተም እንዳታቋርጡ› ይበሉ።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። እኛ ቤት ለቅሶ ነው ያለው።»

ጀልባው ያለ እሳቸው ሄደ። ወደ ሆስፒታል በሚወስደን ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዙና «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ።

«መጀመሪያ ይመስክሩ» አልሁና እጄን አላቀቅሁ።