መቀስ ያልታዘዘለት ልብስ ሰፊ

ቅዳሜ ጧት ሱሪዬን ላነሳ ወደ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ ስል፣ የእህቱን ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሐኪም ቤት የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችን የምትከታተል ነርስ ናት። እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ሠፈሩ እስካሁን መምህር ይለኛል።

ልብስ ሰፊው ሞላ ያለ፣ ከአፉ በፊት ሆዱ የሚስቅ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን እጆቹን ከጨርቅ ክምር ሥር ደብቆ፣ «ሱሪዎ እዚያ ተሰቅሏል፣ እርስዎው ያንሱት» አለኝ። ማሽኑ ዝም ብሏል። አብራው የምትሰፋው ሠራተኛ የት ሄደች ብዬ ብጠይቀው፣ የደንበኛ ሱፍ አጣማ ቆርጣ አበላሸችና አሰናበትኳት አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። ሰባት ዓመት አብራው የሠራች፣ እጇ የተባረከ ሴት ናት። ገረመኝ።

የእህቱ ልጅ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ እጁን ያዘችው። የጣቶቹ አንጓዎች አብጠዋል። ብርድ ነው ብሎ ሊያልፈው ፈለገ፤ እሷ ግን አለቀቀችውም። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ሕመሙን ነግሮት ነበር፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱን ሁለት ወር ወስዶ ተወው። ክብደት ቀንስ መባሉን ደግሞ እንደ ስድብ ቆጠረው።

«ልጄ፣ ስብ ስንቅ ነው» አላት። «ለክፉ ቀን የተቀመጠ፣ ዝም ያለ ነገር። ጉልበቴን ከበደው ብትይኝ እሺ። በጣቴ እራመዳለሁ እንዴ?»

ይህን ክርክር ያዋስኩት እኔ ነኝ። ያኔ ከሐኪሙ ወጥቶ ሊያማክረኝ ሲመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ ብዬ፣ ስብና ጣትን ምን አገናኛቸው ብዬ ስቄበት ነበር።

«አጎቴ፣ ስብ እንኳ ዝም አይልም» አለች በትሕትና። «ሆርሞን ያመነጫል፤ በደም የሚሄድ መልእክት በሉት። ሌፕቲን የሚባለው አንዱ ነው። ጥጋብን ለአእምሮ ይነግራል፤ ሲበዛ ግን የሰውነትን መከላከያ ለጠብ ያነሳሳል። ደም ደግሞ ጣት ድረስ ይደርሳል። ሌሎችም አሉ፤ ሁሉም ገና ተጠንቶ አላለቀም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሆዴ ነው በይኛ።»

«አይደለም። ቀጫጭን ሰዎችንም ይይዛል፤ እርስዎ አላመጡትም። ግን እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ስቡ ማገዶ ያቀብላል። ዋናው መድኃኒቱ ነው፤ ክብደት መቀነሱ ያግዘዋል። የሚከፋው መደበቁ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ከእርስዎ ነው የሰማሁት።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። «ሱፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «መቀሱ አልታዘዝ አለኝ። ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አፈርኩና እሷ ናት አልኩ። አልተከራከረችኝም። ጧት ጧት ክሩን መርፌው ውስጥ የምታስገባልኝ እሷ ነበረች፤ ጣቶቼ እንዳስቸገሩኝ ታውቃለች።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ልፈርድበት ግን አፍ አልነበረኝም። መድኃኒቱን ለምን ተውክ ብዬ ሳልጠይቀው ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ።

ሰኞ ሐኪም ቤት ልትወስደው ተስማሙ። እሱ ግን ሰኞን አልጠበቀም፤ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሠራተኛዋ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። በሯ ላይ ሲደርስ ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣ ብሎት፣ ያበጡትን እጆቹን ዘረጋላት። እሷም ትክ ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ አሞኛል ቢሉኝ እኮ እኔ እቆርጠው ነበር» አለችው። እንባው መጣ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር አልፏል። ደንበኛውን ጠርቶ እውነቱን ነገረው። መድኃኒቱን አያቋርጥም፤ ምግቡን መጥኖ፣ ማታ ማታ ከእኔ ጋር በእግሩ ይሄዳል። እብጠቱ ቀንሷል፤ ጧት የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። ሠራተኛዋ ተመልሳለች፤ እሱ ይለካል፣ እሷ ትቆርጣለች፤ ደንበኛም አልሸሸም።

እኔም መንገድ ላይ የድሮ ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር አስቆመዋለሁ። ስለ ስብ ያስተማርኩህ ጎደሎ ነበር፣ የሚያውቅ ሰው አልጠየቅኩም ነበር እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።