መዝሙሩ የሚሰበርበት ቦታ

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ መዝሙር ይሰማል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ የሴቶቹ ድምፅ ይሰበርና ይቆማል፤ ከአጥሩ ወዲህ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ እማማ ቦጋለች ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ የመዘምራኑ መሪ ዮታም የዜማ ወረቀት ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ይለማመጣል።

ዮታም፦ ይስሟቸው እስቲ! አሁንም እዚያው ላይ ወደቁ። እሑድ መምህር ሹራሞ የተወለዱበት መቶኛ ዓመት ነው። የሦስት ሰፈር ሕዝብ የሳቸውን መዝሙር በአንድ ድምፅ ሊዘምር፣ እኛ ገና...

ቦጋለች፦ በአንድ ድምፅ ከሆነማ ምን ቸገራችሁ? ያኔ በአራት ነበር የሚዘመረው።

ዮታም፦ አይቀልዱብኝ፣ እማማ። ሦስቱን ድምፅ ጽፈውታል፤ አልቶውን፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ፣ ብቻ አልጻፉትም። በቃል ያጠኑት ሁሉ አልፈዋል። እርስዎ ግን ጓሮ ሲያንጎራጉሩት ሰምቻለሁ። አንድ ከሰዓት ብቻ ያስጠኑልኝ።

ቦጋለች፦ ላስጠና። እሑድስ የት ነው የምቆመው?

ዮታም፦ ከሕዝቡ ጋር... ፊት ወንበር ላይ።

ቦጋለች፦ ሽማግሌዎቹ ናቸው እንዲህ ያሉህ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!

ዮታም፦ እገዳው አልተነሣም አሉ። ራሳቸው መምህር ያገዷትን ሴት በበዓላቸው ቀን መድረክ ላይ ማውጣት ይከብዳል አሉ።

ቦጋለች፦ አርባ ሦስት ዓመት! ለምን እንደታገድኩስ ነገሩህ?

ዮታም፦ ቀብር ላይ ሙሾ አወረደች ተብሎ።

ቦጋለች፦ በማን ቀብር?

ዮታም፦ እሱን አላሉኝም።

ቦጋለች፦ በእናቴ። «አማኝ ተስፋ አለው፣ ሙሾ አያወርድም» ይባል ነበር። እኔም አውቃለሁ፤ አፌ ግን አልሰማኝም። ደረቴን እየመታሁ አወረድኩት። በሳምንቱ የመዘምራን ልብሴን በጉባኤ ፊት አስወለቁኝ። መምህር ዓይኔን አላዩም።

ዮታም፦ ጊዜው እንዲያ ነበር። ይርሱት እንግዲህ።

ቦጋለች፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይልቅ ያን ወረቀት አጥፈህ ስማ። እምምም... እምም... ይኸው፣ እዚህ ጋ ትንፋሽህ ይቆረጣል።

ዮታም፦ ይኼ ነው! ይኼ ነው እኮ! ግን ቃሉ መሐል ላይ ትንፋሽ ይወሰዳል እንዴ? ወረቀቱ እንደሚለው...

ቦጋለች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትንፋሽ አይደለም፣ ሳግ ነው። የሚያለቅስ ሰው እዚህ ጋ ይተናነቀዋል።

ዮታም፦ እማማ... ይኼ የመምህር ዜማ አይደለም እንዴ?

ቦጋለች፦ ሦስቱ ድምፅ የሳቸው ነው። አልቶው ለእናቴ ያወረድኩት ሙሾ ነው። ቀብሩ ላይ ቆመው ሲሰሙኝ ነበር። እኔን ባገዱ በሦስተኛው ወር፣ እዚህ ተቀምጬ ከአጥሩ ማዶ ሲዘመር ሰማሁት።

ዮታም፦ ለዚህ ነዋ ያልጻፉት!

ቦጋለች፦ አፍረው ይሆናል። ሰው ነበሩ።

ዮታም፦ አሁን ምን ይሻላል?

ቦጋለች፦ አስጠናቸዋለሁ። ወንበራችሁንም አልፈልግ። ከመዝሙሩ በፊት ግን ሕዝቡ ፊት ቆመህ፣ «ይህ ሙሾ ነው፤ ቦጋለች ለእናቷ ያወረደችው» ትላለህ።

ዮታም፦ በመቶኛ ዓመታቸው? አንጠልጥለው ነው የሚያወርዱኝ! የበዓል ቀን እኮ ነው፣ የፍርድ ቀን አይደለም።

ቦጋለች፦ እንግዲያው አልቶ የሌለው መዝሙር ዘምሩ።

ዮታም፦ እንዲህ ይጨክናሉ?

ቦጋለች፦ ጭካኔስ ያንተ! አምና ክረምት እናትህን ስንቀብር ከኋላ ቆሜ አይቼሃለሁ።

ዮታም፦ መዘምራኑን እየመራሁ ነበር።

ቦጋለች፦ እጅህ ዝንፍ አላለም። በኋላስ? ቤትህ ገብተህ አለቀስክ?

ዮታም፦ በማግስቱ... ልምምድ ነበረን።

ቦጋለች፦ አዬ ልጄ! እንኳን አልቶዎቹ፣ አንተም መዝሙሩን አታውቀው። ና ተቀመጥ፣ ቀስ ብለህ አብረኸኝ በል። እምምም... ዮታም? ምነው ተነሣህ? ኧረ ወረቀትህን ረሳኸው! አንተ ልጅ፣ መዘምራኑ የሚጠብቁህ በዚህ በኩል ነው... በዚያ በኩል ያለው የእናትህ መቃብር ብቻ ነው!