ኮላው ሳይሰነጠቅ

አዛውንቱ ካይ ኛንዴሞ ከኮይዱ ከተማ ወደ መንደራቸው የሚመልሳቸው ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ነጭ ዶሯቸውን ከእግራቸው ሥር ካስቀመጡ በኋላ ነው አጠገባቸው ያለችው ሴት ቦንዱ መሆኗን ያዩት። ቦንዱ የሟች ወንድማቸው የኮምባ ልጅ ናት፤ እርሻ ተምራ ገበሬዎችን ታስተምራለች። ሰላምታው የሁሉንም ዘመድ ጤና አዳርሶ እስኪያልቅ ሚኒባሱ ግማሽ መንገድ ሄደ።

ዶሮው ለማን እንደሆነ ስትጠይቃቸው ለእንግዳ መሆኑን አልደበቁም። የአልማዝ ኩባንያ ሰው ትናንት መጥቶ፣ እንግዳ ለአክብሮትና ለቃል ኪዳን የሚያቀርበውን የኮላ ፍሬ ሰጥቷቸዋል፤ አልማዝ ሊቆፍርበት የሚፈልገው ቤተሰባቸው ሩዝ የሚያበቅልበትን ታችኛውን ረግረግ ነው። ከሰዓት በኋላ በሸንጎው ፊት ኮላውን ከሰነጠቁለት እሺ ማለታቸው ነው። ሌላ ረግረግ ደግሞ የላቸውም።

«ወረቀት ጠይቀውታል?» አለች ቦንዱ።

«ኮላ ይዞ የመጣን እንግዳ ወረቀት አምጣ ማለት ሌባ ነህ ማለት ነው። ሰው በቃሉ፣ በሬ በቀንዱ ይታሰራል። እናንተ የተማራችሁት ሰውን ሁሉ ፖሊስ ፊት የቆመ ታስመስሉታላችሁ።»

«የላይኛው ረግረግ እንግዳስ በቃሉ ታሰረ?»

ከሃያ ዓመት በፊት ሌላ ሰው ለላይኛው ረግረግ ኮላ አምጥቶ፣ አንድ በጋ ብቻ ቆፍሬ ጉድጓዱን እሞላለሁ ብሎ ነበር። አልማዙን ይዞ ሄደ፤ ጉድጓዱ ዛሬም ውሃ ታቁሮበታል፣ ሩዝም ዓሣም የለውም። ካይ እንዲነሳባቸው የማይፈልጉት ግን ሌላውን ነው። ያን ቀን ኮምባ፣ ቃሉ ይጻፍ ብሎ በሰው ፊት ተናግሮ ነበር። እሳቸውም እንግዳዬን አዋረድክ ብለው ከደጃቸው አባረሩት። ኮምባ ከተማ ገባ፤ ወደ መንደሩ የተመለሰው አስከሬኑ ነው።

«ኮላው ይቅር አላልኩም፣ አጎቴ» አለች ቦንዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኮላው እንግዳውን ያስከብርልን፣ ወረቀቱ ደግሞ መሬታችንን። ጉድጓዱን ማን ይሞላዋል? መቼ? ባይሞላውስ ማን ይጠየቃል? ይህ ተጽፎ በራሳችን ቋንቋ ከተነበበ፣ እርስዎም እኔም ባንኖር የልጅ ልጅ ይጠይቅበታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም?»

«ቢቀየምስ?»

«የሚቀየመው ሊሞላው ያላሰበ ነው።»

ሽማግሌው ዶሯቸውን አንስተው መንደራቸው ወረዱ።

ሸንጎው ሲሰበሰብ ካይ ኮላውን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ ኮላህን በክብር ተቀብያለሁ» አሉት እንግዳውን። «ከመሰንጠቄ በፊት ግን ያልከው ሁሉ ተጽፎ ይነበብልኝ።» ከዚያ ቁጣውን ጠበቁ።

ሰውየው ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። «ይኸው አባቴ። ሁልጊዜ ይዘን ነው የምንዞረው፤ የሚጠይቀን ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ቦንዱ በራሳቸው በኮኖ ቋንቋ አነበበችው። ስለ ጉድጓዱ የሚናገረው ቦታ ባዶ ነበር። ሰውየው ጥቂት ተከራከረ፣ በመጨረሻ ግን ጻፈ፦ የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻው ይቀመጣል፣ የተቆፈረው ሁሉ ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ ይሞላል፣ እስከዚያ ግማሹ ረግረግ አይነካም። ካይ አሻራቸውን አኑረው ኮላውን ሰነጠቁ፤ ዶሮውንም ለእንግዳው ሰጡ።

ነገሩ እንደተጻፈው ሆነ። ዛሬ በተሞላው መሬት ላይ ሩዝ በቅሏል፤ የጎረቤት መንደር ሽማግሌዎችም ኮላ ሲመጣላቸው ቦንዱን ያስጠራሉ። ልማድ ሳይፈርስ መሬት እንደሚተርፍ ያየ ሁሉ እንዲሁ ቢያደርግ ይጠቀማል።

ኮላው የተሰነጠቀ ዕለት ግን ሰው ሁሉ ካይን ሲያመሰግን እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሱም። ቦንዱ ደክሟቸው መስሏት ጠጋ አለች።

«አልተቆጣም እኮ» አሏት። «ምናልባት የያኔውም እንግዳ ባልተቆጣ ነበር። እኔ ግን ይቆጣል ብዬ አባትሽን አባረርኩት።»