የገዱ ሚኒባስ ነዳጅ ለምን ፈጀች

ደባርቅ መናኸሪያ ማልጄ ብወጣ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ሾፌሩን ገዱን! ሚኒባሷን አስነስቶ ትቷት፣ በሚስቱ በየትናየት ሻይ ቤት ቁጭ ብሏል። ሞተር እያሞቀ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ።

«እውነት ልትሸጣት ነው?» አልኩት። ወሬውን ሰምቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ፊቱ ጠቆረ። «ምን ላድርግ እማማ? ነዳጅ ትጨርሳለች። ሁለት ቀን ተሰልፌ የቀዳሁት ጎንደር አድርሶ አይመልሰኝም። ቅዳሜ ገዥው ይመጣል።»

አሥራ ስድስት ዓመት የነዳት ናት። አንጀቴን በላው።

የነጋዴው የጠይብ ልጅ ረህማ አጠገባችን ነበረች፤ መካኒክነት ተምራ የመጣችው። «ጋሼ ገዱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሙቀት ማሳያዋ ከፍ ይላል?»

«ኧረ ንቅንቅ አይል! አንዴ ከዛሪማ ሊማሊሞን ስወጣ ብትፈላብኝ ቴርሞስታት የሚሏትን አስነቅዬ ጣልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነኝ።»

«እሷ እኮ በር ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ ራዲያተሩ አታሳልፍም። በዚህ ብርድ፣ በር የሌለው ቤት እሳት ቢያነዱበት ይሞቃል? ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ያባክናል።»

«ተዘግታ ብትቀርስ? ሞተሬ ሲቃጠል አንቺ ትደርሻለሽ?»

«ይኼ ሰው በር አይወድም» አልኩ። «የትናየት ስትዘጋበትም ነቅሎ ነው የገባ አሉ።»

«እማማ!» አለች የትናየት፣ በሳቅ ፍርስ እያለች።

ረህማ ለአባቷ ሚኒባስ የገዛቻትን አዲስ ቴርሞስታት ከቦርሳዋ አወጣች። «እቴቴ፣ የፈላ ውሃ በጣሳ።»

«በሻይ ውሃዬ ብረት ልትቀቅይ?» እያለችም ቢሆን ቀዳችላት።

ረህማ ቴርሞስታቷን ጣሳው ውስጥ ከተተቻት። ቀስ እያለች ተከፈተች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትጨምራት መልሳ ተዘጋች። ገዱ አጎንብሶ አያት። «ማንም ሳይነካት!»

«ያኔ የፈላችብዎ ወይ አሮጌዋ ተበላሽታ ነው፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኖ። ራዲያተሩን እናጽዳው፣ ይቺን እንግጠማት፤ ለአባቴ ሌላ አመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማሞቁም ይቅር። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንዳት፤ እየሄደች ትሞቃለች።»

«ያስተማረኝ ሾፌር ሳያሞቅ አይነቃነቅም ነበር» አለ። ጣሳውን ግን ደጋግሞ ያየዋል። በመጨረሻ «እሺ ልጄ፣ ግጠሚያት» አለ።

ሐሙስ ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ነዳጅ ተርፎት ነበር። እናንተ መኪና ያላችሁም ስሙኝ፦ መኪናም እንደ ሰው ነው፣ ሲበርደው ብዙ ይበላል። በልኩ ይሙቅ። ነዳጁ ይበረክታል፣ ሞተሩ ይከርማል፣ ሰልፉም ይቀንስላችኋል። ልጅ ተምሮ ሲመጣም አድምጡት።

ቅዳሜ ገዥው ከች አለ። ገዱ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «የትናየት፣ ለእንግዳው ሻይ ቅጂለት። ብርድ ነው፤ እኔው በሚኒባሴ ወደመጣበት እመልሰዋለሁ» አለ።

መለሰው። የመሳፈሪያውን ሒሳብ ግን ተቀብሎታል አሉ።