ሮዊና ወንበር የቀየረች ዕለት

ሰው ምክር ፈልጎ በር ለበር ሲዞር መካሪ ያጣል፤ ከመካሪ ሊሸሽ ሲል ግን መካሪው መጥቶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። በሮዊና ክሌግ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሃሊፋክስ ወደ ሊድስ በሚሄደው ባቡር ተሳፍራ፣ አንዲት መልእክት ለአሥረኛ ጊዜ ለማንበብ ስልኳን ስታወጣ፣ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ይህ ቦታ ሰው አለው?" አሏት። ቀና ብላ ብታይ ሚስተር ባራክለፍ ናቸው።

ሚስተር ባራክለፍ አርባ አንድ ዓመት በኑዛዜና በቤት ዝውውር ጠበቃነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሮዊናንም ያሠለጠኗት ሰው ናቸው። እዚህ እንግሊዝ አገር ጠበቃ ልምምዱን የሚጨርሰው በአራት "ወንበር" ነው፤ በየስድስት ወሩ ክፍል ይቀይራል። ፈቃዱን ሲቀበል የተቀመጠባት አራተኛዋ ወንበር ግን እስከ ጡረታ አትለቀውም። ይህን የሚያዝ ሕግ የለም፤ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይግባኝ የለውም። የሮዊና አራተኛ ወንበር የቤት ዝውውር ነበረች፤ እነሆ ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቤት ስትሸጥና ስትገዛ ኖረች።

"እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ሥራው እንዴት ይዞሻል?" አሉ ሽማግሌው ፔርሙዛቸውን እየከፈቱ።

ደኅና ነው ብላ ብታልፈው ይቀላት ነበር። ነገር ግን መዋሸት አልሆነላትም።

"እውነቱን ልንገርዎት? ልለቀው ነው።"

"ቢሮውን?"

"ሥራውንም ጭምር። ወደ ተከራይና አከራይ ክርክር ልገባ ነው። ሊድስ ያለ ቢሮ ተቀብሎኛል፤ እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ስጪ ብለውኛል።"

ሚስተር ባራክለፍ ሻዩን ሳይቀዱ ፔርሙዙን መልሰው ከደኑት።

"መልሱን ሰጥተሻል?"

"ጽፌዋለሁ። መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።"

"እንግዲያው ተመስገን፤ በጊዜ ደርሻለሁ!" አሉ። ወዲያው ባቡሩ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ቆመ። ነጂውም ከፊት ያለው የሐዲዱ መብራት ምልክት ተበላሽቷልና ታገሡን ሲል በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ሮዊና በመስኮት አሻግራ አየች፤ ሜዳው ላይ ከሚግጥ በግ በቀር የሚያድናት አልነበረም።

"ስሚኝ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሰምተሽ አታውቂም?" ብለው ጀመሩ። "ሦስት ዓመት ዘርተሽ፣ ማጨጃው ሲደርስ እርሻ ትቀይሪያለሽ? እዚያ ስትሄጂ የስንተኛ ዓመት ጠበቃ አድርገው ይቆጥሩሻል?"

"አንደኛ ዓመት።"

"አየሽ! ካንቺ በኋላ ፈቃድ ያገኘ ልጅ አለቃሽ ሊሆን ነው!"

"ይሁና! እኔ እኮ ዓመቴን እንዲቆጥሩልኝ አይደለም የምሄደው።"

"ሰውስ ምን ይላል? ክሌግ አልሆነላት ብሎ ሸሸች አይልም?"

"ሰው አንድ ሳምንት ያወራል፤ እኔ ግን ሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት እቀመጣለሁ። ለሳምንት ወሬ ሠላሳ ዓመት ልክፈል?"

 ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩምና፣ "ይህ የወጣት ሞቅታ ነው። ያልቀመሱትን ማር ማጣፈጥ ቀላል ነው" አሉ።

"ቀምሼዋለሁ እንጂ!" አለች ሮዊና፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ከጎን ያለ ተሳፋሪ ዞር አለ። "ስምንት ወር ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተከራዮችን በነጻ ስመክር ቆይቻለሁ። አንዲት አውቶቡስ አጣቢ ቤቱን ልቀቂ የሚል ደብዳቤ ይዛ መጣች። ባነበው የተሰጣት ጊዜ ሕጉ ካዘዘው በሁለት ሳምንት ያንሳል። ደብዳቤው ውድቅ ሆነ! ሴትዮዋ እጄን ይዛ አለቀቀችም። ሚስተር ባራክለፍ፣ እኔ በሦስት ዓመት ስንት መቶ ቁልፍ አስረክቤያለሁ፤ የአንዱን እንኳ ባለቤት ፊት አላስታውስም። የእሷን ግን እስክሞት አልረሳውም።"

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ይህች ልጅ ዓይኗን ጨፍና ከገደል አልዘለለችም። መጀመሪያ ጅረቱን በእግሯ ለካች፣ ከዚያ ልትሻገር ተነሣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ሳይለኩ ለሚነሡት ነው።

"መልካም፤ ልብሽ እዚያ ነው እንበል" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን አለዝበው። "ግን ያስተማርኩሽ ሁሉ መና ሊቀር ነው። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።"

"ምኑም መና አይቀርም።"

"ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ! አሳዪኝና ልመን" አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። "በዚያ ላይ የክርክር ጠበቆችን ዛሬ አታንሺብኝ። የመኝታ ቤቴ ጣሪያ ካፈሰሰ አራት ወሩ ነው። የምኖርበትን ሕንጻ የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ጣሪያው የራስህ ነው፣ አንተው ጠግን ይለኛል። ያማከርኩት የክርክር ጠበቃም የቤቴን ውል አንብቦ ክስ የለህም አለኝ። አሁን ሊድስ የምሄደው ሌላ ጠበቃ ልጠይቅ ነው።"

"ውሉን ይዘውታል? ልየው?"

ሽማግሌው ከቦርሳቸው ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ሮዊና ቃላቱን ዘልላ በቀጥታ ወደ መጨረሻው፣ ፕላኑ ወዳለበት ገጽ ሄደች። ግንባሯን ቋጠረች።

"ይህ ፎቶ ኮፒ ነው።"

"አዎ፤ ለጠበቃውም የሰጠሁት ይህንኑ ነው።"

"ውሉ በቀይ የተከበበው የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው፣ በሰማያዊ የተከበበው የድርጅቱ ነው ይላል። እዚህ ላይ ቀዩ የቱ ነው? ሰማያዊውስ?"

ሚስተር ባራክለፍ አጎንብሰው አዩ። መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ነበር። ጆሯቸው ቀላ።

"ዋናው የት አለ?" አለች።

ሽማግሌው ከቦርሳው ሥር በሮዝ ጥብጣብ የታሰረውን ዋናውን ውል አወጡ። ሮዊና ጥብጣቡን ፈትታ የፕላኑን ገጽ ዘረጋችና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ሰማያዊ! ይመልከቱ፣ ጣሪያው ዙሪያውን ሰማያዊ ነው! ጥገናው የነሱ ነው!"

"አርባ አንድ ዓመት!" አሉ ሽማግሌው ጭናቸውን በጥፊ መትተው። "አርባ አንድ ዓመት ለሠልጣኝ ሁሉ፣ ፕላን በቀለም ሳታዩ አትፈርሙ እያልኩ ስጮህ ኖርኩ! ባለጉዳይ ስሆን ዓይኔን እቤት ትቼው ወጣሁ።"

"ጠበቃዎ ሰነፍ ሆኖ አይደለም" አለች ሮዊና እየሳቀች። "ክርክር ብቻ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ያነባል። ቤት ሲያዛውር የኖረ ሰው ግን ፕላኑን ያስቀድማል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይዤው ነው የምሄደው።"

 ሚስተር ባራክለፍ ቅድም ያልቀዱትን ሻይ ቀድተው ለእሷ ሰጧት።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ። "የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ የወንጀል ጠበቃ ልሆን አምሮኝ ነበር። የወንጀል መጻሕፍቱን ሁሉ ገዝቼ ነበር። አለቃዬ እርሻ ልትቀይር ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ፤ ቀረሁ። ዛሬ የነገርኩሽ ምክር አንዱም የእኔ አይደለም፣ ሁሉም የሱ ነው። ይቆጨኛል፤ በጣም ይቆጨኛል።"

 ያን ጊዜ ነጂው ምልክቱ እንደተስተካከለ ተናገረና ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። በመስኮት ወደፊት አዩ፤ ሊድስ ከመድረሱ በፊት ያለው ረጅሙ ዋሻ ቀርቧል።

"ላኪው እንጂ ልጄ! ምን ትጠብቂያለሽ? ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ እንደገና ምልክት ቢበላሽና እዚያው ብንቆምስ!"

ሮዊና መላኪያውን ተጫነችው። መልእክቱ እንደሄደ ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ገባ። በጨለማው ውስጥ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ።

ብርሃን ሲመጣ ሚስተር ባራክለፍ ጣታቸውን አንሥተው እንደ ዱሮው አስተማሪዋ ሆኑ። "ከዛሬ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ወጣት ሁሉ የምለውን አውቄያለሁ። ሥራህን ሳትለቅ አዲሱን ቅመሰው፤ ሥራው ጣፈጠህ ወይስ ወሬው፣ ለይ። ዓመት ቢቀንሱብህ አትደንግጥ፤ ዕውቀትህን የሚቀንስ የለም። ከአሮጌው ወንበር ያመጣኸው ነገር በአዲሱ ወንበር ማንም የሌለው ዓይን ይሆንልሃል። የሚወደውን የሚሠራ ጠበቃም ከማንም በፊት የሚጠቅመው ባለጉዳዩን ነው። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነዎት። ለድርጅቱ ግን ባለ ቀለሙን ፕላን አያይዘው ዛሬውኑ ይጻፉ።"

"እጽፋለሁ። እምቢ ካሉስ? አንቺ መቼ ነው የምትጀምሪው?"

"አሁን ላለሁበት ቢሮ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። እስከዚያ ሌላ ጠበቃ ይያዙ እንጂ።"

"ሌላ ጠበቃ አልይዝም" አሉ ሽማግሌው ጥብጣቡን መልሰው እያሰሩ። "እኔ ወንበር ሲቀየር ለማየት ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ሦስት ወር ምን አላት? ባልዲ እደቅናለሁ።"