የተቆለፈው ሣጥንና ክፍቱ መስመር

ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ አጎትና የእህት ልጅ ሲከራከሩ ባላገኛቸው ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ሰውየው ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የማይቆልፉት ነገር ስለሌለ የሕንጻው ሰው «አባ ቁልፉ» ይላቸዋል። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ኔትወርክ ተምራ በሙያው የምትሠራ ናት።

«እንኳን መጡ፤ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ። «ልጃቸው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በቪዲዮ ለሆስፒታል ሥራ ቃለ መጠይቅ አላት። ባለፈው መስመሩ እየተቆራረጠ ተበላሸባት። ይህን ሁለተኛ ዕድል ያገኘችው በስንት ልመና ነው፤ ሦስተኛ የለም።»

ተከትያቸው ገባሁ። ልጅቱ በውስጠኛው ክፍል ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣ ከንፈሯን ትነክሳለች። የዋይፋዩ ማሰራጫስ? ሳሎን ጥግ ባለ የብረት ሣጥን ውስጥ ታስሮ፣ ሣጥኑ በጓጉንቸር ተከርችሟል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ትዕግሥቴ ቶሎ ያልቃል፤ ግን ሽማግሌ ናቸውና ምላሴን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ብረቱ ሞገዱን ያፍነዋል» አለች የእህታቸው ልጅ። «ይፍቀዱልኝና አውጥቼ ሴቲንጉን ላስተካክለው።»

«ሌባ ቢወስደውስ? ደግሞ በዚህ ሰዓት መነካካት ምን አመጣው? የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጣል?»

«የብብትዎ እኮ እየወደቀ ነው። መስመሩ የይለፍ ቃል የለውም፤ ሕንጻው ሁሉ ፊልም ያወርድበታል።»

«ያውርዳ። ውሃ ለጎረቤት ከልክዬ የማላውቅ ሰው ይህን ልከለክል? በስተርጅና ንፉግ ልታሰኚኝ ነው?»

«እርስዎ ለሰፈር ሲያጠጡ ልጅዎ ተጠማች።»

«ለማንኛውም ሣጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኪሴ ነው። ማንም አይነካውም።»

የእህታቸው ልጅ ስልኳን አወጣች። «እንግዲያው ሣጥኑን ሳልነካ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣ ደረጃው ላይ ሆኜ ልሞክር?»

«ሞክሪያ» አሉ እየሳቁ።

ወጥታ በሩን ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው በስልካቸው የከፈቱት ዜና ወሬው መሀል ላይ ቀጥ አለ። ሳቃቸውም አብሮ ቆመ።

«ማሰራጫውን ከስልኬ አጥፍቼው ነው፤ አሁን ራሱ ይነሣል» አለች ተመልሳ ስትገባ። «ከፋብሪካ የመጣበት የመግቢያ ቃል አልተቀየረም፤ እሱን ደግሞ የማያውቅ የለም። ክፉ ሰው ቢሆን አጥፍቶ ብቻ አይሄድም። በእርስዎ መስመር ሰው ያታልልና ፖሊስ እርስዎን ይጠይቃል።»

የአባ ቁልፉ ፊት አመድ መሰለ። ጓጉንቸሩን ራሳቸው ከፈቱት።

ማሰራጫው መደርደሪያው አናት ላይ ወጣ። የእህታቸው ልጅ የፋብሪካውን ቃል ቀየረች፤ ለቤቱ መስመር ጠንካራ የይለፍ ቃል አበጅታ ለልጅቱ ነገረቻት። የጎረቤት ማሰራጫዎች ሁሉ አንድ የሞገድ መንገድ (ቻናል) ላይ ይጋፉ ነበርና ወደ ባዶው አዛወረችው። ለጎረቤት ደግሞ ፍጥነቱ የተመጠነ የእንግዳ መስመር ለብቻው ከፈተች።

«ውሃውን አልከለከሉም፤ በቧንቧ አደረጉት እንጂ» አለቻቸው። «የሶፍትዌር ማደሻው ግን ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ይጫናል። አሁን መነካካት ጥሩ እንዳልሆነ እርስዎም ብለዋል፤ በዚህስ ልክ ነዎት።»

መሣሪያው ጠፍቶ እስኪነሣ ሦስታችንም መብራቱ ላይ አፈጠጥን። ሰዓቱ ደርሷል። ቀይ ነው፤ አሁንም ቀይ ነው። ሽማግሌው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየሁም። አረንጓዴ ሲሆን ከውስጥ «አዎ፣ ይሰማኛል» የሚል የልጅቱ ድምፅ መጣ።

በሩ እስኪከፈት ስንጠብቅ ይህን አሰብኩ። ብረት የሚጠብቀው ዕቃውን ነው፤ አየር ላይ የሚሄደውን የሚጠብቀው ዕውቀት ነው። የይለፍ ቃል ማበጀት ንፍገት አይደለም፤ መስመርን የለየ ሰው ቤቱም አይጎድልበትም፣ ጎረቤቱም አይቀየመውም። ይህን ለመማር ደግሞ ጉዳት መጠበቅ የለብንም።

ልጅቱ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ወጣች። አባትየው ብድግ አሉ። «ምን አሉሽ?»

«ተቀብለውኛል፣ አባዬ። ባለፈው ድምፄ ሲጠፋ መልሱን ያላወቅሁት መስሏቸው ነበር። ዛሬ ይቅርታ ጠየቁኝ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ልጃቸውንም ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ይቅርታውስ የእኔ ዕዳ ነው፣ ልጄ» አሉ። «አፍሽን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»