ከመስጊዱ ግድግዳ የወረደው ሰዓት

ከሸቤ ወደ ጅማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ላፕቶፕ የከፈተውን ወጣት አናገሩት።

«ምን እየሠራህ ነው፣ ልጄ?»

«በኮምፒውተር ከርነል፣ በዋናው ፕሮግራም ውስጥ፣ ሰዓቱን የሚያነቡ፣ ድራይቨር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። አሮጌው ትርፍ ስለሆነ እያወጣሁት ነው፣ አባባ።»

«የሚጠቀምበት የለም?»

«ጠይቄያለሁ። የተቃወመ የለም።»

«እኛም መስጊዱ ዲጂታል ሰዓት ሲገባለት አሮጌውን ባለ ቆጣሪ ሰዓት እናውርደው ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። የተቃወመ የለም።»

«ታዲያ?»

«አዛን የሚያደርጉልን አባት ደከመኝ ብለው ለሌላ ሰው ለቀቁ። ወላሂ፣ ቁጥር ማንበብ እንደማይችሉ የሰማነው ቆይተን ነው። ሰዓት የሚያውቁት በቆጣሪው አቀማመጥ ነበር።»

«ያኔ እሳቸው ለምን አልተናገሩም?»

«በሰጋጁ ሁሉ፣ በጀመዓው ፊት?»

መውረጃዬ መንደራ ቆጪ ነበር፤ ሰው ፊት ድምፄን ለማውጣት አፍሬ ወራጅ አለ ሳልል አለፍነው።